የአምስተኛው ሰዓት ልኬት

ውጭ ሠላሳ ስምንት፤ ሌሊቱ አልበረደም፤
እዚህ ሃያ ሁለት፣ አልወጣም አልወረደም።
ልኩ ለአይጦቹ ነው። እኔ ደራርቤ፣
ነጭ ጋዋን ለብሼ፣ ሻሽ ተከናንቤ
ከሽቦ ቤት ሽቦ ቤት በባትሪ እሄዳለሁ፤
ከእያንዳንዱ በታች ብልቃጧን አያለሁ።

ሃያ አራት ናቸው፣ በአራት ቡድን ስድስት፦
ለአንዱ የጨው ውኃ፣ ለአንዱ የፋብሪካ መድኃኒት፣
ለቀሩት ሁለቱ ከዚያ ከባለ ነጭ አበባ
ሥሩ ተቀቅሎ በቱቦ ጉሮሯቸው ገባ፤
ለአንዱ ቡድን ጥቂት፣ ለሌላው እጥፉን።
ዶክተር ነዋል ስትወጣ፣ እያወለቀች ጓንቷን፣
«መዲና፣ አደራ! አምስት ሰዓት ሲሞላ
ጠብታ እንዳታመልጥሽ፤ አንዱ ካንዱ እንዳይቀላቀል በኋላ።»

«ራእ» ነው ስሙ እዚህ። ከሐፊት ተራራ ሥር፣ ዋዲው ሲደርቅ
ከጠጠሩ መሐል ግራጫ ሆኖ ይወጣል፣ ጥጥ አዝሎ፣ ሳይደምቅ።
እኛ ቃሉ ለዚህ የበቆሎ ጺም ነው የምናፈላ፤
ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም፣ ከሌላ፦
ከማማ ዓፍራ ቤት፣ እዚህ አገር መጀመሪያ ከገባሁበት።
ትራሷ የራእ ጥጥ፣ መድኃኒቷ የራእ ሥር፤ እኔ ነኝ የማፈላላት።
እግሯ አብጦ፣ በጣት ሲነኩት ጎድጉዶ ሲቀር፣
አንድ ብርጭቆ ትጠጣና «ነይ» ትላለች፣ «ወደ በር!»
ስድስቴ፣ ሰባቴ እንመላለሳለን፣ ክንዷ ባንገቴ፤
ስሟ ዓፍራ ይባል እንጂ አታፍርም ነበር፣ እሜቴ።
በሦስተኛው ቀን ጫማዋ ገባላት።
ማንም ቁጥር አልጻፈም። ሳቀች፤ ሳቅሁላት።

ልጇ፣ ማዳም፣ ግን ሌላ ናት።
እንግዳ ካለ ከማድ ቤት መውጣት ነውር ነው፣ ክልክል፤
የኔ ሽንት ቤት ጣሪያ ላይ ነው፣ ደረጃው በሳሎን በኩል።
እግሬን አነባብሬ፣ ሳህን እያጠብሁ፣ ጥርሴን እየነከስሁ፣
ቧንቧው ሲንፎለፎል እኔ እየታገሥሁ፣
ሳቁ እስኪያልቅ፣ መኪናው እስኪነሣ፣ እስከ ሌሊቱ ስምንት።
ዛሬም ይወጋኛል ጎኔን፣ እዚህ ጋ፣ ብርድ በነካኝ ዕለት።

ሰዓቱ ሞላ። መብራት አበራሁ፤
ብልቃጧን ከዓይኔ ትይዩ አንሥቼ ቆጠርሁ፦
የጨው ውኃው ሁለት ነጥብ አንድ፣ ሁለት፣ አንድ ነጥብ ስምንት።
የፋብሪካው አራት ነጥብ ስድስት፣ አምስት።
የሥሩ ጥቂቱ ሦስት ላይ ይረግጣል።
እጥፉ ከፋብሪካው ጋር ትከሻ ለትከሻ ይሄዳል፣
ሃያ ሁለተኛው ሲቀር።

ምንም። ብልቃጧ ደረቅ ናት።
አይጧ ጥግ ይዛለች፤ ሆዷ ተነፍቶባት፣
እግሮቿን ሰብስባ ባትሪዬን ታየዋለች፤
እንግዳ እስኪወጣ የምትጠብቅ ትመስላለች።

መብራቱን አጠፋሁ። ፊቴን አዞርሁላት።
ማቀዝቀዣው ያጓራል። ቆየሁ። ቆየሁላት።
ከዚያ በጨለማው፣ ከብልቃጧ ውስጥ፣
ጠብ አለ። ጠብ። ጠብ።
ደግሞ ጠብ።

ከአምስት ሰዓት በላይ አሥራ አንድ ደቂቃ አልፏል።
ደንብ ደንብ ነው፤ ያለፈ አይጻፍም፣ ይደፋል።
በሠንጠረዡ «ዜሮ»፤ በኅዳጉ ግን፣ በእርሳስ፣
በራሴ ፊደል «አፍራ ነው» አልሁ፣ ለማስታወስ።

ጠዋት ዶክተር ነዋል ገጹን አየችና ደስ አላት፤ ሥሩ ሠርቷል።
«ሃያ ሁለት ትውጣ፤ በሷ የተነሣ አማካዩ ይወርዳል።
ሐሙስ ኩላሊታቸውን እንመዝናለን።» ከዚያ ጣቷ
ኅዳጉ ላይ ቆመ። «ይህስ ምንድን ነው?»

«ስም ነው» አልኋት። «የአንዲት ባልቴት።»

ብልቃጦቹን አጥቤ ፎጣ ላይ ደፋኋቸው፣ ሃያ አራቱንም፤
ሃያ ሁለተኛዋን ከሌሎቹ ለይቼ አላወቅኋትም።